ከነፕላስተሩ የተረከብኩት ካሜራ

የተረከብኩበት ቅጽ ላይ «ካሜራ አንድ፣ ከነማንጠልጠያውና ከነፕላስተሩ» ተብሎ ተጽፏል። አልቀለድኩም። የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ፍጥነት መለወጫ ላይ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፤ ቁጥሩ አይታይ፣ መለወጫው አይዞር። ማን እንደለጠፈው የንብረት ክፍሏን ሴትዮ ብጠይቃቸው፣

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የምጠብቀው ንብረቱን ነው። ምክንያቱን ሌላ ቦታ ጠይቂ» አሉኝ።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር። ቢሮዎቹ ወንበር ሳይመጣላቸው ተከፍተዋል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከቢሮዎቹ በአንዱ በፎቶ አንሺነት ተቀጠርኩ፤ የስድስት ወሩ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ካለፍኩ ቋሚ ነኝ። ከወደቅኩ ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ እናቴ ባል መርጣ ጨርሳ የእኔን ከሥራ መባረር ብቻ ትጠብቃለች።

እስከዚያ ድረስ ያነሳሁት ስብሰባ ብቻ ነው። ስብሰባ ለጀማሪ ይመቻል። ማንም አይንቀሳቀስም፤ ከሁለተኛው ሰዓት በኋላማ የሚተነፍሱትንም መለየት ያስቸግራል። አንድ ቀን ግን ኃላፊው ጠሩኝ።

«ቅዳሜ ባሮ ላይ የታንኳ ውድድር አለ። ፍጥነት እፈልጋለሁ! የቋሚነት ደብዳቤሽን የምፈርመው ፎቶውን አይቼ ነው።»

በቀጥታ ከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት ወዳለው ሰውዬ ሄድኩ። ዕድሜ ልኩን ሰው ግድግዳ ላይ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት እያስቀመጠ «አትነቃነቅ!» ሲል የኖረ ሰው ነው።

«የሚሮጥ ነገር?» ብሎ ሳቀብኝ። «አዞ ምን አለው? ቀኑን ሙሉ ፀጥ ብሎ ይነሳልሻል።»

«አዞ ደብዳቤ አይፈርምልኝም» አልኩት።

ሳቁን ሲጨርስ አስተማረኝ። ለሚሮጥ ነገር ሻተሩ አምስት መቶ ላይ ይሁን፤ የሰከንድ አምስት መቶኛ ማለት ነው። ሻተሩ ሲፈጥን ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ ሻተሩን ሦስት እርከን ካፈጠንሽ ሌንሱንም ሦስት እርከን ክፈቺ። ታንኳውን አታሳድጂ፤ ሌንሱን የሚያልፍበት ቦታ ላይ አስቀድመሽ አጥሪና ጠብቂው። «ስለ ፍላሹ ደግሞ…» ሲል እኔ በር ላይ ነበርኩ። ፀሐይ ላይ ፍላሽ ምን ያደርግልኛል?

የቀረው ፕላስተሩ ነው። ሴትዮዋ «እንዲነሳ በደብዳቤ ይጠየቅ» አሉ። ጻፍኩ። ደብዳቤው «ተጣርቶ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰ። ማን እንደሚያጣራው ሲጣራ ቅዳሜ ደረሰ።

የመጀመሪያውን ዙር ከነፕላስተሩ አነሳሁ። ታንኳዎቹ ሽው ብለው ሲያልፉ ሻተሩ ግን ቀ–ጭ ይላል፤ የሽማግሌ ጉልበት ነው የሚመስለው። ምን እንደሚወጣ አወቅኩት። ከሁለተኛው ዙር በፊት አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ዞር ብዬ ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ስልሳ ላይ ነው ለካ! ሻተሩን አምስት መቶ፣ ሌንሱን ከሃያ ሁለት ወደ ስምንት ከፈትኩት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሰፋው፤ ውኃው ውስጥ የተተከለ እንጨት ላይ አጥርቼ ትንፋሼን ያዝኩ። የመጀመሪያው ታንኳ አፍንጫ እንጨቱ ጋ ሲደርስ ተጫንኩት።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ራሱ ወደ ብርሃን አውጥቶ ደጋግሞ አየው። የቀዛፊው የአንገት ሥር ተገትሯል፤ ከመቅዘፊያው የተረጨው ውኃ እንደ ዶቃ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ኃላፊው የሁለቱንም ዙር ፎቶ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉ። መጀመሪያ ከነፕላስተሩ የተነሳውን፣ የተበላሸውን አነሱት፤ አንድ ቡናማ ነገር፣ ከላዩ ነጭ ነገር።

«ይሄ ነው! አየሽ፣ ከፍጥነቱ የተነሳ ሰዎቹ እንኳ አይታዩም!»

የኮራሁበትን አገላበጡት። «እነዚህ ምን ሆነው ነው የቆሙት?»

«አልቆሙም። እየበረሩ ነው።»

«ልጄ፣ ውኃው ራሱ ቆሟል እኮ! እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ማንም አልቆመም።»

የተበላሸው በትልቁ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። እንግዶች ጎርፍ ይመስላቸዋል። ደብዳቤዬ «ከሰኞው ስብሰባ በኋላ» ተባለ። እኔም አዲስ ፕላስተር ገዝቼ መለወጫውን እንደነበረ ጠቀለልኩት፤ አምስት መቶው ላይ። ከእልህ ነው፣ አልዋሽም።

ሰኞ አዳራሹ ጨለማ ስለነበር ፍላሽ ተጠቀምኩ። የወጣው ፎቶ ዳር ላይ ቀጭን ብርሃን አለው፤ እዚያ ውስጥ አንድ የውኃ ጠርሙስና የኃላፊው ግራ ጆሮ አሉ። የቀረው ስብሰባ ድቅድቅ ነው። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ «ሻተሩ ከስልሳ ከፈጠነ ፍላሹ አይደርስበትም ልልሽ ነበር፣ ሮጠሽ ወጣሽ» አለኝ። ፕላስተሩ ለካ ይህን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነበር።

«ሌላው ፊቴ የት ሄደ?» አሉ ኃላፊው። ካሜራው ይመርመር ተባለና የንብረት ክፍሏ ሴትዮ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቅጹን ይዘው መጡ። ካሜራ አንድ፣ አለ። ማንጠልጠያ፣ አለ። ፕላስተሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ፕላስተሩም አለ። ልጅቷ ምንም አልነካችም። መብራት ኃይል ነው» አሉ።

ኃላፊው ደብዳቤዬን ሳቡት። ፈረሙ። እናቴ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም።