የጴንጤው ራዲዮ

የያዙኝ ሱዳን ዋና ከተማ፣ ቡሪ ሰፈር ነው፣ የምጠብቀው ግቢ በር ላይ። ሰልፈኞች ከአስለቃሽ ጭስ ሲሸሹ በሩን ከፈትኩላቸው፤ ውሃም ሰጠኋቸው።

‹‹ለምን ከፈትክ?›› አሉኝ ወታደሮቹ።

‹‹ስለተንኳኳ›› አልኩ።

ለዚህ መልስ ሁለት ጥፊ፤ ከዚያ መኪና ላይ።

የታሰርንባት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ናት። ዘጠኝ ሰው ነበርን፣ አንድ ባልዲ። ከሰዓት ግድግዳው ስለሚፈጅ ማንም አይደገፈውም። መቁጠሪያዬን መግቢያው ላይ ወስደውብኝ ስለነበር ጸሎቴን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ከእኔ ሌላ ሐበሻ አንድ ብቻ ነበር፤ ጀብራ ሰፈር የሚኖር ቀለም ቀቢ። እጁ ላይ ቀለም አይተው ‹ግድግዳ ላይ መፈክር ጻፍክ› ብለው ነው ያመጡት። ሚስቱ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ሰውየው ጴንጤ ነው። ሚስቱ በስኳር ከረጢት ደብቃ የላከችለት፣ መዳፍ የምታህል ራዲዮ ነበረችው። ማታ የመግሪብ ሶላት አዛን ካለ በኋላ የአማርኛ ስብከት ይመጣል።

‹‹ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ።››

‹‹ተወኝ። የኔ ጆሮ በሕፃንነቱ ተጠምቋል።››

‹‹የኔንም ካደግሁ በኋላ ነከሩት፤ ግን አሁንም ይሰማል›› ብሎ ሳቀ።

ፊቴን አዞርኩ። በአራት እርምጃ ክፍል ውስጥ ግን ፊት ማዞር ምን ይጠቅማል? ሰማሁ። አንድ ቀን ሰባኪው መቁጠሪያ በሚቆጥሩ፣ እመቤታችንን በሚለምኑ ሰዎች ላይ ተነሣ። ደሜ ፈላ። ቀለም ቀቢው የራዲዮዋን ድምፅ ዝቅ አደረገው።

‹‹ይሄን ይሄን እኔም አልወደድኩለትም ጋሼ›› አለኝ ቆይቶ።

በሌላ ሳምንት ግን ያው ሰባኪ መጽሐፈ ኢዮብን ማንበብ ያዘ። እኔ ከካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጣሁት ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደል እየለቀምኩ ነው የማነበው። ኢዮብን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰኞ ጀምሮ ቅዳሜ ጨረሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ‹‹ሰዓቱ አልደረሰም እንዴ?›› የምለው እኔ ሆንኩ።

አንድ ጧት ቀለም ቀቢውን ጠርተው ‹‹ነገ ትወጣለህ›› አሉት። ያን ዕለት ማታ ሰባኪው ስለ እስረኞች ጸለየ። ሲጨርስ፣ ልማድ ነውና፣ ምላሴ ‹‹ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ›› ብሎ ቀጠለ፤ ጮክ ብዬ እስከ መጨረሻው ደገምኩት። ቀለም ቀቢውም ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ልማድ ነውና፣ ‹‹አሜን!›› አለ።

ዓይኑን ገለጠ። ‹‹ጋሼ! ምን አስባሉኝ?››

‹‹ብለሃል፤ አልመልስልህም።››

በሳቅ ፈረስን። ያልገባቸው ሱዳኖችም አብረውን ሳቁ። ያ ሳቅ ነው ዘበኛውን ያመጣብን።

ራዲዮዋ ብርድ ልብሱ ላይ ነበረች። ‹‹የማን ነው?›› አለ።

የቀለም ቀቢው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ‹የኔ ነው› ቢል የነገው መውጣት ቀረ። ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው፤ እኔም አልችልበትም። ጉልበቴ እየጮኸ ቀድሜው ተነሣሁ።

‹‹የምሰማው እኔ ነኝ።››

‹‹ምን ትሰማለህ?››

‹‹የእግዚአብሔርን ቃል።››

‹‹ያ ሀጅ፣ አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ ዕድሜህ!›› አለና ራዲዮዋን በጫማው ረገጣት።

በማግስቱ ከጧት እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት ድረስ፣ ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። እዚያው ቆሜ ቀለም ቀቢው ሲወጣ አየሁት። አየኝና ቆመ፤ ወደ ዘበኛው ዞሮ አፉን ሊከፍት ሲል ‹ተው› ብዬ ራሴን ነቀነቅኩበት። ‹‹ያላ!›› አሉት። ሄደ። በሩን አልፎ እስኪሰወር ድረስ ወገቤን አላጎበጥኩም።

ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ እኔም ከተፈታሁ በኋላ እሱ ራሱ መጥቶ ነገረኝ።

እኔ ዛሬም ካቶሊክ ነኝ፤ እሑድ ቅዳሴ አላስታጉልም። ያ ሰባኪ የት እንዳለ፣ ማን ይሰማው እንደነበር ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። ባገኘው በእመቤታችን ነገር እከራከረዋለሁ፤ እሷን አልለቅለትም። ሲበቃን ግን ምሳ እጋብዘዋለሁ።