ያልነገርኳቸው ሻይ ሻጮች

ትናንት ኪስራ እንጀራዬን በወይካ ወጥ እያጠቀስኩ ሳለሁ የልጅ ልጄ ሰሚራ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «ሐቦባ፣ ሹፊ፣ እይ፤ ቅዳሜ እኛም ልንሮጥ ነው» አለች። እዚህ ያደጉት አያትን ሐቦባ ነው የሚሏት። ሩጫው ለሴቶች መብት ነው፤ ተፈናቅለው እዚህ ገዳሪፍ ለገቡ ሴቶች ገንዘብ ሊያሰባስቡ። «አንቺ ሮጠሽ ታውቂያለሽ?»

ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ጥቁሩ አፈር መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ ከተማው ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ጎረቤታችን ብርነሽ አረቄ እያወጣች ነበር የምትኖረው፤ ባሏ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ለቀን ሥራ እንደሄደ ቀርቷል። ፖሊስ አበሻ እያፈሰ ሲወስድ ከሻ እንለዋለን። በከሻ ያዟት። የአራት ወር ልጇ ማኅሌት ያን ሰዓት እኔ ጀርባ ላይ ነበረች። የአረቄውን ቅጣት ካልከፈለች ስድስት ወር እስር ተባለ። ብርነሽም ከእስር ቤት «ልጄን እዚህ እንዳታመጧት፣ በሽታ አለ» ብላ ላከች።

የፍየል ወተት ብናጠጣት አልስማማት አለ። በየቀኑ ጀርባዬ ላይ ስትቀል ይታወቀኝ ነበር።

የሰፈራችን አስተማሪ «ሴት ሠርታ መኖር መብቷ ነው» ብላ አቡጀዲ ላይ ጻፈችና እንሩጥ አለች። ከሰፈር እስከ እህል ገበያ። እዚያ ያሉት ሰሊጥ ተሸካሚዎች፣ የአገራችን ልጆች፣ ሮጣ ለደረሰች ሁሉ ሊከፍሉ ቃል ገቡ። «ሴት ስትሮጥ እንይ እንጂ ገንዘቡስ አይቸግርም» እያሉ ያፌዙብን ነበር፤ ይሁን አልን። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ቀላል ነው፤ በዋዜማው መንገድ ዳር ላሉት አበሻ ሻይ ሻጮች እንደምንሮጥ መንገር። እኔ ሞኟ ግን የወንድሜን ሸራ ጫማ በጨርቅ ጠቅጥቄ ስሞክር ዋልኩ። ነገ ሲያዩን ይገባቸዋል ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ እዚህ አገር አበሻ ሴት የምትሮጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር።

በጠዋት አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን ተነሳን። የመጀመሪያዋ ሻይ ሻጭ ገና ስታየን «ከሻ!» ብላ ማንቆርቆሪያዋን ጥላ ሮጠች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። አይደለም እያልን ብንጮህ ማን ይስማን፤ እኛ በሮጥን ቁጥር እነሱ ባሰባቸው። ወሬው ቀድሞን ገበያ ገባ፤ ወረቀት የሌላቸው ተሸካሚዎችም በአጥር ዘለሉ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ስደርስ ያገኘሁት የፈሰሰ ሰሊጥና ባለቤት የሌለው ጫማ ነው።

ተሸካሚዎቹ ባሱንዳ ድረስ በየእርሻው ተበትነው ነበር። ፈልገን፣ ለምነን፣ ቅጣቱ እስኪሟላ ሳምንት አለፈ። ማኅሌትን ረቡዕ ቀበርናት፤ ብርነሽ ዓርብ ተፈታች። ደጃችን ቆማ ፊቴን ሳይሆን ጀርባዬን አየች። «ሮጣችሁልኝ አሉ፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።

ሰሚራ መልስ ትጠብቃለች። «አንዴ ሮጫለሁ» አልኳት።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«አንደኛ።»

ደስ ብሏት ሳቀች። ከሻው ዛሬም አልቀረም፤ ለመብቷ የምትሮጥና ነፍሷን ለማዳን የምትሮጥ ሴት ደግሞ ከሩቅ አይለዩም። እጄን ታጥቤ ነጠላዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው ሐቦባ?»

«ሻይ ሻጮቹ ጋ። የቅዳሜውን ልነግራቸው።»