በስተቀኝ የቆመችው

ቅዳሜ፣ ሰኔ 1987 ዓ.ም.። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ብስራተ ገብርኤል

ሌሎች የጉዞ ጸሐፊዎች ጎንደር ደርሰው፣ ሐረር ከርመው ይጽፋሉ። እኔ ከብስራተ ገብርኤል ላፍቶ ድረስ ሄጃለሁ። አትሳቁ፤ በሰኔ ጭቃ፣ ያውም እናትን በብብት ይዞ፣ ቀላል መንገድ አይደለም።

በብብቴ ያለችው በጋዜጣ የተጠቀለለች የእናቴ ፎቶግራፍ ናት። የሞተችው እኔ የስምንት ወር ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ቅኔ ቤት ያደገ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የማንንም ፋይል ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል፣ ስለ ሚስቱ ግን ትንፍሽ አይልም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከዳዊቱ ውስጥ አንድ ፎቶ አገኘሁና ሰረቅኩት። ሁለት ሴቶች በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ጎን ለጎን ቆመዋል። ከጀርባው በአባቴ እጅ «ወለተ ማርያም በስተቀኝ» ተብሎ ተጽፏል። ወለተ ማርያም የእናቴ የአስካለ የክርስትና ስም ነው።

በስተቀኝ ያለችው ረጅም ናት፤ ጥርሰ ፍልቅልቅ። በስተግራ ያለችው አጭር፣ ፊቷን ያጠቆረች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ የሰበሰበች አኩራፊ። አኩራፊዋ በእናቴ ደስታ የቀናች ነው የምትመስለኝ። ስለዚህ ፎቶውን ከመሃል አጥፌ፣ እሷን ወደ ኋላ አዙሬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ።

አባቴ ባለፈው ክረምት ሲሞት የቀኟን ብቻ አሳድጌ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ ከሥሯ «ነፍስ ይማር» አስጻፍኩ። በአርባው ላይ ያየ ሁሉ «ቁርጥ አንቺን!» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ያን ዕለት አንዲት ለቀስተኛ መልእክት አደረሰችኝ፤ የእናቴ ጓደኛ እትዬ ብርቄ ላፍቶ እንዳሉና እግራቸውን አሟቸው እንደቀሩ። አኩራፊዋ መሆን አለባቸው አልኩ። የእናቴ ፊት አለኝ፤ ከአፏ የወጣች አንዲት ቃል ግን የለችኝም። የአባቴ ሙት ዓመት ሳይደርስ ያቺን ቃል ፍለጋ ተነሳሁ።

1 ሰዓት፣ መካኒሳ

ሚኒባሱ ውስጥ ፍሬሙን ከጎኔ አስቀመጥኩት። ጋዜጣው ተቀዶ ፊቷ ብቅ ብሏል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ማን ናት ልጄ?» አሉኝ።

«እናቴ ናት።»

መስታወቱን ሳሙት። «ነፍሷን በገነት ያኑርልሽ። ቁርጥ አንቺን!»

ሹፌሩ ዞር ብሎ አየን። «እህቴ፣ እናትሽን ጭንሽ ላይ አድርጊያት፤ ወንበሩ የሰው ነው።»

መካኒሳ ወርጄ ሁለት ቦምቦሊኖ በሻይ በላሁ፤ ዘይቱ ከዱቄቱ ይበልጣል። የቆርቆሮ አጥር፣ የእንጨት መሸጫ፣ ጭቃ፣ ደግሞ ጭቃ። ከዚያ ወዲያ ታክሲ የለምና ጋሪ ያዝኩ። ባለ ጋሪው በአለንጋው ወደ ጀሞ እያመለከተ «እዚያ ማዶ ጤፍ እንጂ ሰው የለም» አለኝ፣ እኔ ሰው ጠግቤ የምሰደድ መስሎት።

3 ሰዓት፣ ላፍቶ

በሩን የከፈቱልኝ ምርኩዝ የያዙ ረጅም ሴት ናቸው። ማንነቴን ስነግራቸው አቅፈው፣ አገላብጠው ሳሙኝ። ሲስቁ ፊታቸው ጥርስ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፍሬሙን ፈትቼ በኩራት አቀበልኳቸው።

መነጽራቸውን አጠለቁ። አዩ። ከሥር ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ነፍስ ይማር... የማንን ነፍስ?»

«የእናቴን።»

«በስመ አብ! ይቺ እኮ እኔ ነኝ! መች ሞትኩ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትንሿን ፎቶ አውጥቼ የአባቴን ጽሑፍ አሳየኋቸው። በስተቀኝ ይላል እኮ!

«አለቀሳችሁልኝ?» አሉኝ።

«እኔማ አሥራ ስምንት ዓመት አልቅሻለሁ።»

«ይሄ ሁሉ ጸሎት ደርሶኝ ታዲያ እግሬ ምነው አልዳነ!»

ከዚያ በምርኩዛቸው ግድግዳው ላይ ያለውን የስቅለት ሥዕል ጠቆሙኝ። «ጌታ ገነት ያስገባው ወንበዴ በየት በኩል ነው የተሰቀለው?»

«በቀኝ።»

«እስቲ ንኪው።»

ተነስቼ ነካሁት። እጄ የሄደው ወደ ግራዬ ነው።

«አየሽ? የጌታ ቀኝ እንጂ ያንቺ ቀኝ አይደለም። አባትሽ የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ቀኝ ሲል የሥዕሉን ቀኝ ነው።»

«ግራ ገባኝ፣ እትዬ።»

«እሱማ ልክ ነሽ። አስካለም ያለችው ግራ ነው።»

ፎቶውን ዘረጋሁት። አኩራፊዋ፣ አስካለ፣ እናቴ፣ ወደ ውጭ ታጥፋ በኖረችባቸው ዓመታት ቁልፍና ሳንቲም ጉንጯን ቧጭሯታል። አለቀስኩ። አሁን ያለቀስኩት ለትክክለኛዋ ሴት ነው፤ ግን ከሐዘኑ እፍረቱ ባሰብኝ። እሷን ከፎቶው ለማስወጣት ፎቶ ቤት ድረስ ሄጄ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

«ለምንድን ነው ያኮረፈችው?» አልኳቸው ትንሽ ስረጋጋ።

እትዬ ብርቄ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ነሻ! የሦስት ወር እርጉዝ ነበረች። የፎቶ ቤቱ መድኃኒት ሽታ አንገሸገሻት። ሰውዬው 'ፈገግ በይ' ቢላት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ምን አለችው መሰለሽ? 'ቶሎ በል ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ፎቶ አይወድም!'»

የእናቴ ቃል ይህ ነው። ሌላ ቃል ቢጠየቁ አላስታወሱም። እኔም ይበቃኛል።

9 ሰዓት፣ ወደ ቤት

ፍሬሙን እትዬ ብርቄ አልመልስም አሉ። «እንዲህ አምሬ ተነስቼ አላውቅም። ጽሑፉን ግን ቀድጄ እጥለዋለሁ፤ እግዜር አይቶ እንዳይሳሳት።» ለሙት ዓመቱ በምርኩዝም ቢሆን እንደሚመጡ፣ ለቀስተኛው ሲደነግጥ ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ።

ጋሪ አልያዝኩም። እስከ መካኒሳ በእግሬ፣ ጫማዬን ጭቃው እየጎተተው መጣሁ። ሦስት ቦታ ቆሜ ፎቶውን አወጣሁ። በሦስተኛው፣ ማንም እንደማይሰማኝ አረጋግጬ፣ «ይቅርታ፣ እማዬ» አልኳት።

ፊቷን አልፈታችም። በምን አንጀቷ ትፍታ? እኔ ገና ሆዷ ውስጥ ሆኜ እያስቸገርኳት ነው።