ዛሬ እሳት የጫርኩት ከፀሐይ ነው!

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት ፀሐይን እሳት ለምኜ ሰጠችኝ!

ስነሳ ማታ ያዳፈንኩት ፍም ጠፍቷል። ቅርብ ያሉት ጎረቤቴ ደግሞ እትዬ ወርቄ ብቻ ናቸው፤ በቅሏቸው ገብሴን ከጋጠች ወዲህ ተኳርፈናል። የእሳት መጫሪያ ገል ይዤ ደጃቸው ከምቆም ጥሬ ብቆረጥም ይሻለኛል።

ያኔ ባሌ ከአሊዩ አምባ ጨው ሲገዛ የተመረቀለት የመነጽር ስባሪ ትዝ አለኝ። ነጋዴው «ወላሂ፣ ይቺ ስባሪ ፀሐይ ላይ እሳት ትወልዳለች» ብሎት ስንስቅ ከርመናል።

የአንኮበር ጉም እስኪገፈፍ ጠበቅኩና በደረቀ ኩበት ፍርፋሪ ላይ ያዝኳት። ጨሰ! እፍ ስለው ቦግ አለ! እልልታዬን አቀለጥኩት።

እትዬ ወርቄ ካጥሩ ጀርባ ብቅ አሉ። «ማን ወለደ?»

«ፀሐይ!» አልኳቸው።

እሳቱን አይተው አማተቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ከኩታቸው ስር ገል አወጡ። ለካ የሳቸውም እሳት ጠፍቶ፣ እኔን መለመን ከብዷቸው ነው እዚያ የቆሙት!

ንጉሡ ከተማችንን ትተው እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ወሬ ጠምቷት ነበር፤ ይኸው ተገኘላት።

ዛሬስ በቅሎዋ ገብሴን ብትጨርሰውም አልቆጣም። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ እሳት ልትጭሩ ሄዳችሁ የታረቃችሁት ከማን ጋር ነው?