ያለሰለስኩት አጥንት

ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ በስካነር ያነሳችውን የአንድ ሰው የተቆረጠ ክንድ ኮምፒውተር ላይ አሳየችኝ። «መምህር፣ ጎርበጥ ያለውን ሁሉ አለስልሼዋለሁ» አለች ደስ ብሏት። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከደሴ መቀሌ ለትምህርት ስመጣ ትግርኛ አልችልም ነበር። ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ሽሮዬን ብቻዬን እበላለሁ። ነፋስ በሩን ሲያንኳኳ ሰው መስሎኝ የተነሣሁበት ቀን አለ፣ ሞኝ!

የመመረቂያ ሥራዬ የአቦይ ሐጎስ ሰው ሠራሽ እግር ሆነ። አቦይ ሐጎስ በመኪና አደጋ አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች የተቆረጠ አናጺ ነበሩ። ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ይድራሉ፤ አዲሱ እግር ደርሶላቸው ቆመው ሊመርቋት ነው ሐሳባቸው ሁሉ።

ስካነሩ የሚሰጠው የቆዳውን ምስል ብቻ ነው፤ ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰፋ፣ ውስጡ ባዶ። ያንን ድፍን አካል አድርጌ፣ እግሩ የሚገባበትን ማቀፊያ በልኩ ማውጣት ነበረብኝ። እምቢ አለኝ፤ እዚህ ስደፍነው እዚያ ይቀደዳል። ከእግራቸው ጉማጅ ጎን አንዲት ጉብታ ነበረች። የስካነሩ ስሕተት ናት ብዬ አለሰለስኳት፤ ወዲያው ድፍን ሆነ። እሰይ አልኩ። አብሮኝ እሰይ የሚል ግን አልነበረም።

ማቀፊያው ተሠርቶ አቦይ ሐጎስ አጠለቁት።

«እንዴት ነው አቦይ?»

«ደሓን እዩ ጓለይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ደሓን እዩ ደህና ነው፣ ጓለይ ደግሞ ልጄ ማለት ነው። ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ ሌላ ነገር መጠየቁን ረሳሁት። ጾም ነበርና ባለቤታቸው የላኩልኝን ሕልበት፣ ከባቄላና ከምስር ዱቄት የሚሠራውን የጾም ምግብ፣ አቀበሉኝ፤ ነጩን ከቀዩ የቲማቲም ስልሲ ጋር በእንጀራ እያጠቀስኩ በላሁ። መዝገቤ ላይ «ተስማምቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ስሄድ ጉማጁ ላይ የሚያጠልቁት ካልሲ በደም ርሷል። ያቺ ጉብታ አጥንታቸው ኖራለች።

«ለምን አልነገሩኝም? ጠይቄዎት ነበር እኮ!» አልኩ እያለቀስኩ።

«መቼ?» አሉ ከልባቸው ተገርመው። «እንዴት ነው አልሽ፤ ሰላምታ ነው ብዬ መለስኩ። ለሰላምታ ያመኛል ይባላል እንዴ?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉስ?»

«በጣም ደስ ብሎሽ አየሁሽ። ብቻሽን ደግሞ ነሽ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ?»

ለአጥንቱ ቦታ ትቼ ሌላ ሠራሁላቸው። ቁስሉ ግን ለሠርጉ አልዳነም። አቦይ ሐጎስ ልጃቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው መረቋት። ሙሽራዋ ተንበርክካ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ስትስም ማየት አቃተኝና ከድንኳኑ ወጣሁ።

ተማሪዬን «መጀመሪያ ሂጂና ክንዱን በእጅሽ ዳሺው፤ የት ያምሃል ብለሽም ጠይቂው» አልኳት። ግራ ገብቷት ሄደች።

እኔ መቀሌ ቀረሁ። ትግርኛውም ከአንደበቴ ገብቷል። ጎረቤቶቼ ጠዋት ጠዋት «ከመይ ሓዲርኪ?»፣ እንዴት አደርሽ ይሉኛል። «ደሓን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለሰላምታ ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ አልፎ የት ያምሻል ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።