ዴክሲጶስ ከማኅበር የወጣበት ዓመት

በእኛ በስፓርታ፣ የራሱ መሬት ያለውና በማኅበር ማዕድ የሚቀርብ ወንድ «ሆሞዮስ» ይባላል፤ እኩያ ማለት ነው። ብዙ ሲሆኑ «ሆሞዮይ» ይባላሉ፤ ቃሉን የምንሰማውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ በብዙ ነው። ብቻውን የቆመ ሰው ከማን ጋር ይተካከላል?

ዴክሲጶስ የማኅበራችን ሰው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ማደሪያ ብቻ ሆኖበት ነበር፤ የሚስቀውም የሚቆጣውም ከእኛ ጋር በማዕዱ ዙሪያ ነው። አንድ ክረምት የኤውሮታስ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ጠረገው። እያንዳንዳችን በየወሩ ገብስ፣ ወይን፣ አይብና በለስ እናዋጣለን፤ ያላዋጣ ከማዕዱም ከስሙም ይወጣል። ሕጉ ጎርፍ አያውቅም።

በመዋጮው ዋዜማ ጓደኛው ላምፒስ አንድ ስልቻ ገብስ ተሸክሞ መጣ።

«የራሴ ነው ብለህ አግባው» አለው።

«የማን ነው?»

«ገብስ ስም አለው እንዴ? ዝም ብለህ ተሸከም።»

«በአንተ ገብስ ከተቀመጥኩ አንተ ሁለት ትሆናለህ፤ እኔ ግን አንድም አልሆንም።»

«ግትር! እንግዲያው ከፍየሎችህ ጋር ብላ» ብሎት ተቆጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ዴክሲጶስ ባዶ እጁን መጣ፤ እንደሌለው ተናግሮ ወጣ። ማናችንም ቀና ብለን አላየነውም።

ከዚያ በኋላ መረቁን ለብቻው እየሠራ ለብቻው ይጠጣ ጀመር። ሳቃችን ምሽት ምሽት ደጁ ድረስ ይሰማው ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘን ዳር ይዞ ያሳልፈናል። ለእኩያ ነውር የሆነውን ሥራ ሳይንቅ፣ ከገባሮቹ ጋር ጎንበስ ብሎ የማሳውን ጠጠር ለቀመ። የእህል አምላክ ወደሆነችው ወደ ዴሜትር ሳይጸልይ የዋለበት ቀን አልነበረም።

መከሩ ሰመረለት። ሙሉ መዋጮውን ይዞ መጥቶ ደጅ ቆመ። የወጣ ሰው እንደ አዲስ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ የማኅበር ሰው ከዳቦው ለስላሳ ውስጥ ቆንጥሮ በጣቱ አድቦልቡሎ አገልጋይ አናቱ ላይ ተሸክሞ በሚያዞረው ሳህን ውስጥ ይጥላል። ሰውየውን የማይፈልግ ግን ጨፍልቆ ይጥላል፤ አንድ ጭፍልቅ ከተገኘ ነገሩ አበቃ።

ሳህኑ ላምፒስ ዘንድ ሲደርስ እጁ ዘገየ። እኔም በመዋጮው ዋዜማ ተቆጥቶ የተናገረውን አስቤ ፈራሁ። ከዚያ ጣለ። ሳህኑ ሲወርድ ሁሉም ድቡልቡል ነበር።

«ግባ እንጂ» አለው ላምፒስ፣ ቀና ሳይል። «በሩንም ዝጋው፣ ብርድ አስገባህብን።»

የድሮ ቦታው በሌላ ሰው ስለተያዘ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ንፋሱ ጀርባውን እየመታው ዳቦውን ቆርሶ አማልክቱን አመሰገነ። ያን ምሽት ብዙም አላናገርነውም፤ እሱም ቅር አላለውም። በማግስቱ ከሁላችንም ቀድሞ መጣ።