ማኅተም የሌለው ትእዛዝ

የዲጂታል ሽግግር አስተባባሪ ማለት፣ በአንድ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ወረቀትን የማስቀረት ሙሉ ኃላፊነት የተሰጠው፣ ይህንንም ኃላፊነት በሦስት ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፎና ማኅተም አርፎበት የተረከበ ባለሙያ ነው። ሮቤ ላይ ይህ ማዕረግ የኢንጂነር ሶረቲ ነበር።

ከማዕረጉ ጋር ታብሌት ተሰጥቷታል። በሁለት ዓመት ውስጥ የድርጅቱን ፕላኖች ሁሉ አስገባችበት፤ ፎርማኖቹንም አሠለጠነች። እነርሱም ስለ ምሳው አመስግነዋታል።

አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ጎባ ለሚሠራው ትምህርት ቤት የተስተካከለ ፕላን ታብሌቷ ላይ ደረሰ። ምሰሶዎቹ በአራት ፌሮ ፈንታ ስድስት ይፈልጋሉ። ኮንክሪቱ ደግሞ የሚሞላው በዚያው ጠዋት ነው። በሚኒባስ ከንፋ ስትደርስ ሚክሰሩ መዞር ጀምሯል።

«ኦቦ ሙህዲን፣ ያስቁሙት! ፌሮው ተቀይሯል፤ ይኸው ይዩት።»

አዛውንቱ ፎርማን መነጽራቸውን አድርገው ታብሌቱን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ማሻአላህ፣ እንዴት ይጠራል! ማኅተሙስ የቱ ጋ ነው?»

«ማኅተም አያስፈልገውም። እኔ እፈርምልዎታለሁ።»

«ነገ ከእኔ ጋር ማን ሊጠየቅ ነው? ታብሌቱ?» ግንበኞቹ ሳቁ። «ልጄ፣ ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ በስልክ ‹አፍርስ› አለኝ፤ አፈረስኩ። ኮሚቴ ሲቀመጥ ‹መቼ ብዬ!› አለ። ዓመት ሙሉ በር ጠባቂ አድርገውኝ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ የማምነው ያችን ክብ ነገር ብቻ ነው።»

ክቧ ነገር ያለችው በሥራ አስኪያጁ ኮት ኪስ ውስጥ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጧትም። እርሳቸው ደግሞ ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ወርደዋል፤ ስልካቸው አይሠራም።

«ሲሚንቶው ውሃ ነክቶታል፤ አይጠብቀንም» አሉ ኦቦ ሙህዲን፣ እያዘኑ። እኩለ ቀን ላይ ስምንት ምሰሶዎች በአራት አራት ፌሮ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ተመልሰው ምሰሶዎቹ እንዲፈርሱ በጽሑፍ አዘዙ። ኦቦ ሙህዲን ማኅተሙን በጣታቸው ዳብሰው፣ ወረቀቱን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው መዶሻ አስነሡ።

ሶረቲ አቧራው መሐል ቆማ ስታይ ታብሌቷ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ በሕይወታቸው ያለ ወረቀት የላኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነበር። ሽግግሩን በብቃት ባለመምራቷ ከኃላፊነቷ መነሣቷን ይገልጻል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በጣቷ እየገፋች እስከ ግርጌው ወረደች።

«ኦቦ ሙህዲን፣ እስቲ ይዩልኝ። ማኅተም አለው?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ።

«የለውም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው አልደረሰኝም» አለችና ታብሌቱን አጠፋችው።